የሰርካለም ሎኬሽን

«ደርሰዋል» አለ ስልኩ።

ኢሳይያስ ቀና ብሎ ቢያይ ፊት ለፊቱ የቆመው የውሃ ቧንቧ ነው። ለአትክልት ማጠጫ የተተከለ፣ አፉ የሚያንጠባጥብ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ጎማ የተጠቀለለበት ተራ ቧንቧ። በስተግራው የአንድ ፊሊፒናዊ መቃብር፣ በስተቀኙ የአንዲት ሕንዳዊት መቃብር አለ። ሰርካለም የሚል ስም ግን በዙሪያው የለም።

«የታለች?» አሉ እማማ ባዩሽ።

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ እማማ።»

እማማ ባዩሽ ከመርሳ የመጡ፣ ስድሳን የተሻገሩ የወሎ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቀው፣ ከነጭ አቡጀዲ በእጃቸው የሰፏትን ትንሽ ከረጢት ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘዋል። ልጃቸው ሰርካለም እዚህ አገር የሰው ልጅ ስታሳድግ ታማ ሞተች ከተባለ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሬሳዋ አልመጣላቸውም። የደብራቸው ቄስ «ካረፈችበት አፈር ጭብጥ ካመጣሽልኝ፣ ፍትሐት አድርሼ ከአባቷ ጎን አሳርፋታለሁ» ስላሏቸው፣ ለዚያች ጭብጥ አፈር ሲባል የአቡ ዳቢ አበሾች እድር ደጅ ጠንቶ፣ ቪዛ አውጥቶ አመጣቸው። ከመጡ ወዲህ ሙቀቱ ጥሏቸው ከአልጋ ሳይወርዱ ሰነበቱ። ዛሬ ተነሱ፤ ቪዛው ግን የሚያልቀው ዛሬ ነው፣ አውሮፕላኑም የሚነሳው ዛሬ ማታ ነው። ዛሬ ያልተገኘች ሰርካለም መቼም አትገኝም።

እድሩ ይህን ጉዳይ ለኢሳይያስ የሰጠው በምክንያት ነው። ኢሳይያስ ቀን ቀን በአንድ የአቪዬሽን ኩባንያ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ማታ ማታ ደግሞ አል ካራማ ባለው አፓርታማው ውስጥ፣ ሚስቱ ሳራ «ከእኔና ከላፕቶፑ ምረጥ» እስክትለው ድረስ ተቀምጦ የእድሩን አፕ የሠራው እሱ ነው። እዚህ አገር የመንገድ ስም የሚይዝ አበሻ ብርቅ ነው፤ ሁሉም «ሎኬሽን ላክልኝ» ነው የሚለው። ስለዚህ አፑ ሎኬሽን ያስቀምጣል፦ ማን የት እንደሚኖር፣ ለቅሶው የማን ቤት እንደሆነ፣ እዚሁ ቀርተው የተቀበሩት የት እንዳረፉ። አንድ ሰው ቦታው ላይ ቆሞ ስም ይጽፍና ይጫናል። ስልኩም ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች፣ የሰሜኑንና የምሥራቁን፣ ይይዛል። ኢንተርኔት ከሌለ እዚያው ስልኩ ውስጥ ይቆይና ዋይፋይ ሲያገኝ ወደ ሰርቨሩ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ስሙን ጽፎ የፈለገ ሰው ሁሉ እየተመራ ይደርሳል።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ያበላሸው የኢሳይያስ ንጽሕና ነው። ኢሳይያስ የተዝረከረከ ነገር አይወድም፤ የጫማ መደርደሪያውን ያየ ይመሰክራል። አንድ ቀን የመቃብሮቹን ምልክቶች ካርታ ላይ ዘርግቶ ቢያይ፣ አንዱ ሟች ባሕር ውስጥ ተኝቷል፤ አንዱ ደግሞ ሁለቱ ቁጥሮች ተገለባብጠውበት ሊትዌኒያ ጫካ ውስጥ ተገኝቷል። አፈረ። እዚያው ተቀምጦ አንዲት ደንብ ጻፈ፦ የእድራችን ሰው ክርስቲያን ነው፤ ከክርስቲያን መቃብር ውጭ የወደቀ ምልክት ሁሉ ስህተት ነው፤ ስለዚህ ቅርብ ወዳለው የክርስቲያን መቃብር መሐል ይዛወር። እሱ የሚያውቀው የክርስቲያን መቃብር ደግሞ ይኸው አንዱ ብቻ ነበር። ማንንም አልጠየቀም። ካርታው ሲጸዳለት ሻዩን ጠጥቶ ተኛ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው።

አሁን ቧንቧው ሥር ቆሞ ያ ሁሉ መጣበት። ቧንቧው የተተከለው የመቃብሩ ቅጥር መሐል ለመሐል ነው። ስልኩ መርቶ ያመጣቸው ሰርካለም ወዳለችበት አይደለም፤ እሱ ወዳስቀመጣት ቦታ ነው። የቧንቧውን አንገት ያዘ።

የመቃብሩ ጠባቂም ከቢሮው ወጥቶ እጁን አወናጨፈ። በዚያ ስም የተቀበረ ሰው በመዝገባቸው የለም።

«ምን አለ?» አሉ እማማ ባዩሽ።

«ሌላ ቦታ ናት» አለ ኢሳይያስ። ከዚህ የበለጠ ለመናገር ድፍረት አጣ።

ምልክቱን ያስቀመጠችው አበባ ነበረች። አበባ ሳዲያት ደሴት በአንድ ቪላ ልጆች ታሳድጋለች። ከሰርካለም ጋር በአንድ አውሮፕላን የመጡ፣ በእህትማማችነት የኖሩ ናቸው። ኢሳይያስ ራቅ ብሎ ደወለላት።

«አበባ፣ ሰርካለም የተቀበረችው የት ነው?»

«አፑ ላይ አስቀምጬልህ የለም እንዴ?»

«ከአፍሽ ልስማው። የት ነው?»

«አል ዐይን።»

«አል ዐይን የክርስቲያኖች መቃብር?»

ከአበባ ኋላ ሕፃን ያለቅሳል።

«አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ፓስፖርቷ ፈይሩዝ ነው የሚለው። ደላላው ነው እንደዚያ ያወጣላት፤ ያኔ ሙስሊም ነው የሚፈለገው ብሎ። አሠሪዋ ካፊሉም ሆስፒታሉም የሚያውቋት ፈይሩዝ ብለው ነው። እንደ ስሟ ቀበሯት። ሬሳዋንም መላክ ያቃተን ለዚሁ ነው፤ እማማ የሰርካለም እናት እንጂ የፈይሩዝ እናት ናቸው የሚል ወረቀት ከየት ይምጣ? ለእሳቸው ምን ብዬ ልንገራቸው፣ ኢሳይያስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው አለሁ።»

«ቦታውን ታውቂዋለሽ? ብንወስድሽ ታሳዪናለሽ?»

«በዚያ ቀን ዓይኔ ምን ያያል? የማዳም ሹፌር ነው የወሰደኝ። ሜዳ ነው፣ አጥር አለው። እኔን ሴት ነሽ ብለው ከአጥሩ ውጭ አቆሙኝ። ስልኬን ለሹፌሩ ሰጠሁትና መቃብሩ ላይ ሄዶ ተጫነልኝ።»

አል ዐይን ሜዳና አጥር ሞልቷል። ኢሳይያስ ግንባሩን መኪናው ላይ ደገፈ። ሰርቨሩ ላይ ያለው እሱ ያዛወረው ቁጥር ነው። የቀድሞው ተሰርዟል፤ ምትኬውም ቦታ ያጣብባል ተብሎ ከተጣለ ቆይቷል። የጣለውም እሱ ነው።

«ያኔ የያዝሽው ስልክ» አለ። «የት አደረስሽው?»

«ተሰነጠቀብኝና አዲስ ገዛሁ። አሮጌው ሻንጣዬ ውስጥ አለ።»

ኢሳይያስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ምልክቱ መጀመሪያ የተጻፈው እዚያ ስልክ ላይ ነው። እሱ ምልክቱን ካዛወረ በኋላ በዚያ ስልክ አፑን የከፈተ ከሌለ፣ እውነተኛው ቁጥር እስካሁን እዚያው ተኝቷል ማለት ነው።

«አበባ፣ ስሚኝ። ስልኩን ይዘሽ ወደ በሩ ውጪ። አፑን ግን እንዳትከፍቺው። ኢንተርኔት አግኝቶ ከተከፈተ የሰርቨሩን አምጥቶ ያለውን ይደመስሰዋል። ከዚያ ኸላስ፣ የለችም።»

«ከፍቼ ላንብብልህ ልል ነበር እኮ።»

«እንዳትነኪው!»

ወደ ሳዲያት ሲነዱ ኢሳይያስ እየጸለየ ራሱን ይራገም ነበር። እማማ ባዩሽ ከጎኑ ተቀምጠው ከረጢታቸውን በጣታቸው ያሻሹ ነበር። ለምን ከመቃብር ወጥተው ወደ ባሕር ዳር ቪላ እንደሚሄዱ አልጠየቁም። ሰው መጠየቅ የሚፈራው መልሱን ሲገምተው ነው።

አበባ በሠራተኞች በር ወጣች። ስልኩን በሻሽ ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«እስክትመጡ ብዬ ቻርጅ አድርጌ አብርቼዋለሁ» አለች።

ስልኩ የዚህን ቤት ዋይፋይ ያውቀዋል፤ ገና ሲበራ ይያያዛል። መንጭቆ ተቀበላትና አየ፤ ተያይዟል። ግንኙነቱን ሁሉ ዘጋ።

«ከፈትሽው?»

«አትክፈቺው አላልክም?»

እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጠና አፑን ከፈተ። መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል፤ የታችኛው እኩሌታ ጣት አይሰማም። ፊደሎቹ ያሉት ደግሞ እዚያው ነው። ስልኩን ወደ ጎን አዞረው፣ ገለበጠው፣ እንደገና አዞረው። በመጨረሻ መፈለጊያው ላይ «ሰር» የሚሉ ሁለት ፊደሎች ብቻ ማስገባት ቻለ። ክቡ ምልክት ዞረ፣ ዞረ። ስልኩ ሞቋል፤ ይጥፋ አይጥፋ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ካርታ መጣ፣ ካርታው ላይም አንዲት ቀይ ነጥብ፣ ከሥሯ ሁለቱ ቁጥሮች። አል ዐይን፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ሜዳ ላይ።

ኢሳይያስ የራሱን ስልክ አውጥቶ ፎቶ አነሳት። እንደገና አነሳት። ከዚያ አላምን ብሎ ቁጥሮቹን ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፋቸው።

አበባ ይህን ጊዜ በተከፈተው የመኪናው በር በኩል የእማማ ባዩሽን ጉልበት አቅፋ ታለቅስ ነበር።

«አንቺ ነሽ የቀበርሽልኝ?» አሉ እማማ ባዩሽ ፀጉሯን እየዳበሱ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። ሰርካለም ብዬ አልቀበርኳትም። ፈይሩዝ ብለው፣ በእስላም መቃብር ነው የቀበሯት። ዋሽቼዎታለሁ።»

የእማማ ባዩሽ እጅ ፀጉሯ ላይ ቆመ። ኢሳይያስ አሁን ይጮኻሉ ብሎ ጠበቀ፤ አልጮኹም።

«አንቺ ምን ታደርጊ» አሉ። «ደላላው ስሟን ልቀይር ሲል፣ ‹ስም ምን ይጎዳታል፣ ትሂድልኝ› ብዬ የመረቅኋት እኔ ነኝ።»

ከውስጥ ማዳም ተጣራች። አበባ ዓይኗን በሻሿ ጠርጋ፣ እጃቸውን ስማ ሮጠች።

የአል ዐይን መንገድ ረጅም ነው፤ ዝም ለሚል ሰው ደግሞ አያልቅም። ግራና ቀኙ አሸዋ፣ ከአሸዋው ጋር የሚታገል የቴምር ተክል፣ አልፎ አልፎ የግመል አጥር። ኢሳይያስ ሰዓቱን ያያል፣ ፍጥነቱን ያያል፣ ክንዱ ላይ ላቡ የሚያደበዝዘውን ቁጥር ያያል። የጀበል ሐፊት ተራራ ከሩቅ ብቅ ሲል መቻል አቃተው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። አበባ ያስቀመጠችው ምልክት ትክክል ነበር። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ስህተት መስሎኝ፣ እዚያ ቧንቧው ጋ ያዛወርኳት እኔ ነኝ።»

እማማ ባዩሽ ወደ እሱ ዞሩ።

«ደላላው ስሟን ቀየረ» አሉ። «እኔ መረቅሁ። አንተ ቦታዋን ቀየርክ። ይቺ ልጅ ማንን በድላ ነው?»

ኢሳይያስ መንገዱ ደብዝዞ ሲታየው ነው እያለቀሰ መሆኑን ያወቀው። እማማ ባዩሽ የነጠላቸውን ጫፍ አቀበሉት፤ «ፊትህን ጥረግና ንዳ፣ ትገለብጠናለህ» አሉት።

መቃብሩን አገኙት። የብረት አጥር ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። ሐውልት የለም፣ ስም የለም፤ ዝቅ ዝቅ ያሉ የአፈር ጉብታዎችና ራስጌያቸው ላይ አንዳንድ ድንጋይ ብቻ። ነፋሱ አንዳንዱን ጉብታ ከመሬቱ ጋር አስተካክሎታል። ከአንዲት ጠባብ ክፍል ሙስጠፋ የሚባል ሽማግሌ ሱዳናዊ ጠባቂ ወጣ። ኢሳይያስ በተሰባበረ ዐረብኛው ነገሩን አስረዳ። ሽማግሌው እማማ ባዩሽን አይቶ አንገቱን ደፋ።

«ሴት አይገባም፣ ሐጃ» አለ። «ሕጉ አይፈቅድልኝም። አንተ ግባ።»

«ጭብጥ አፈር ብቻ ነው የምትፈልገው» አለ ኢሳይያስ።

«አሸዋ ነው፤ አገሩ ሁሉ አሸዋ ነው። ውሰድ። መቃብር ግን አትርገጥ።»

እማማ ባዩሽ ከረጢቷን ለኢሳይያስ ከመስጠታቸው በፊት ክንዱን ያዙት። «አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ስትቀበር ሰው ነበረ ወይ? የቆመላት ሰው ነበረ ወይ በልልኝ።»

ኢሳይያስ ጠየቀ። ሙስጠፋ ልጅቷን አያስታውሳትም፤ የሚመጣው ብዙ ነው። ይልቁንስ እጁን ከሜዳው ማዶ ወዳለው መስጊድ ዘረጋ። እዚህ ብቻውን የሚገባ የለም አለ። ሶላት ላይ የተገኘው ሁሉ ይሰለፍለታል፤ ነጋዴውም ሹፌሩም። ስሙን ባያውቁትም ይቆሙለታል።

ኢሳይያስ ሲነግራቸው እማማ ባዩሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛም አገር ክርስቲያኑ ሲሞት ቃሬዛውን የሚሸከም እስላሙ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ሙሉ ያልወጣ እንባቸው ወረደ። ግንባራቸውን ብረቱ ላይ ደገፉ፤ ኢሳይያስም ገባ።

በረድፎቹ መሐል፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ ጉብታ እንዳይረግጥ እየተጠነቀቀ ሄደ። እሱን የሚያሳየው ሰማያዊ ነጥብ ወደ ቀዩ ቀረበ፤ ቀረበና ተደረበ። ኢሳይያስ ቀና አለ። ከዚያ የሚያውቀውን፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሊያስበው ያልፈለገውን ነገር አየ። ስልክ ቦታን በነጥብ አያውቅም። ከሰማይ በሚመጣ ምልክት ገምቶ «እዚህ አካባቢ» ይላል እንጂ «እዚህ» አይልም። ነጥቧን የከበባት ቀጭን ክብ ውስጥ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የተኙ ጉብታዎች አሉ። ሰባት ናቸው፤ ጠርዙ ላይ ያለችውን ከቆጠሯት ደግሞ ስምንት።

ወደ ጎን ሄደ፤ ተመለሰ። ስልኩን ከፍ አደረገው። ክቡ ይጠብ እንደሆን ብሎ ፀሐዩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። አልጠበበም።

«አገኘሃት?» አሉ እማማ ባዩሽ ከአጥሩ።

ኢሳይያስ እጁን አንስቶ አንዷን ቢያሳያቸው ማን ያውቅበታል? ሽማግሌው አያውቅ፣ ስልኩ አያውቅ። አንዷን መርጦ «ይቻት» ቢል እናትየዋ አልቅሰው ይወጣላቸዋል፣ አውሮፕላኑም አያመልጣቸውም፤ እሱም ቤቱ ገብቶ ይተኛል። እጁ እስከ ደረቱ ተነሳ። ከዚያ የቧንቧው ሥር ትዝ አለውና መልሶ አወረደው።

ተንበረከከ። ከመጀመሪያዋ ጉብታ ራስጌ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ከረጢቷ ውስጥ ጨመረ። ወደ ሁለተኛዋ ሄደ፤ ቆነጠረ። ሦስተኛዋ ትንሽ ናት፤ የሕፃን ትመስላለች። ከእሷም ቆነጠረ። አሸዋው ያቃጥላል፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ላበ። ሙስጠፋ ፊቱን ወደ መስጊዱ አዙሮ ቆመ።

«ምነው ከአንዱ ወደ አንዱ ትላለህ?» አሉ እማማ ባዩሽ።

ኢሳይያስ ከረጢቷን በእጁ እንደጨበጠ ቀና አለ።

«እማማ፣ ከእነዚህ አንዷ ናት። የትኛዋ እንደሆነች ስልኩም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።»

እማማ ባዩሽ ብረቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። ነፋሱ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረደው፤ አላነሱትም። ዓይናቸው በጉብታዎቹ ላይ አንድ በአንድ ሄደ፤ ማታ የተኙ ልጆቿን ተሸፋፍነው እንደሆን እንደምታይ እናት። ኢሳይያስ ሰባተኛዋን ቆንጥሮ የከረጢቷን አፍ ሲሰበስብ፣ እጃቸውን በብረቱ መሐል አውጥተው ጠቆሙት።

«ያቺን ጥጉ ላይ ያለችውን» አሉ፣ «አልነካሃትም።»